ኮድ መጻፍ ብቻውን ምርምር አይሆንም፦ «የምርምር ኮርስ ይቅር» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የሚወስዱት የምርምር ሥነ ዘዴ ኮርስ ከሥርዓተ ትምህርቱ ወጥቶ ሰዓቱ ለፕሮጀክት ሥራ እንዲሰጥ የሚሞግት አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በመምህራን ዘንድ ብዙ ሲያነጋግር ቆይቷል። የጸሐፊው ክርክር ባጭሩ እንዲህ ነው። ምርምር ከአማካሪ ጎን ሆኖ የሚለመድ እንጂ በክፍል የሚሰጥ ትምህርት አይደለም፤ የቀደሙ ሥራዎችን ማንበብ የወጣቱን አእምሮ ያስራል፤ ኮምፒውተር የታዘዘውን ብቻ የሚፈጽም መሣሪያ በመሆኑ የሚደረግበት ሙከራ ስታቲስቲክስ አያስፈልገውም፤ የሚሠራ ሶፍትዌር በራሱ በቂ ማስረጃ ነው፤ የማንበቡንና የማጠናቀሩን ድካም ከእንግዲህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሸከመዋል፤ የተማሪውም ብቃት ከመመረቁ በፊት ባሳተመው ጽሑፍ ይለካ፣ ካላሳተመም አይመረቅ። ጸሐፊው ለተማሪዎቻቸው የሚቆረቆሩ መምህር እንደሆኑ ከጽሑፉ በግልጽ ይነበባል። ያቀረቧቸው ነጥቦች ግን አንድ በአንድ ሲመረመሩ አብዛኞቹ የሚጸኑ አይደሉም፤ የመጨረሻው ደግሞ ተግባራዊ ከሆነ ጉዳት ያስከትላል ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሜ የምስማማበትን ላንሳ። ኮርሱ በብዙ ቦታ የሚሰጥበት መንገድ ደካማ ነው ማለታቸው ልክ ነው። ተማሪው የምርምርን ትርጉምና የመላምት ዓይነቶችን ሸምድዶ ይፈተናል፤ መጠይቅ እንዴት እንደሚዘጋጅና ናሙና ከሕዝብ እንዴት እንደሚወሰድ ረጅም ምዕራፍ ያነባል፤ ወደ መመረቂያ ሥራው ሲገባ ግን የሚጠብቀው ሁለት አልጎሪዝሞችን (ችግር የመፍቻ ቅደም ተከተሎችን) በአንድ ዓይነት ሁኔታ ማወዳደር ነው፣ ስለዚያም ማንም አላስተማረውም። ማስተማሪያው ለሌላ የሙያ ዘርፍ ተጽፎ እንዳለ የተወሰደ ለመሆኑ ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም። ከዚህ የሚከተለው ግን ኮርሱ በዘርፉ ልክ እንደገና ይዘጋጅ የሚል እንጂ ከናካቴው ይጥፋ የሚል አይደለም።

ምርምር በክፍል አይሰጥም ወደሚለው ልለፍ። ከአማካሪ ጎን ሆኖ የመልመድን ዋጋ የሚክድ የለም። ነገር ግን አንድ መምህር ብዙ የመመረቂያ ቡድኖችን በአንድ ጊዜ ሲያማክር ይህ ልምምድ በተግባር ወደ ምን እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን፦ ተማሪው አማካሪውን በኮሪደር ላይ ያገኘዋል፣ የደረሰበትን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነግረዋል፣ «ጥሩ ነው፣ ቀጥል» ይባላል፣ ይቀጥላል። ዕድል የቀናው ጊዜ ያለው አማካሪ ይደርሰዋል፤ ሌላው በወግ የተጠረዘ ሰነድ አስረክቦ፣ ምርምር ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይመረቃል። ኮርሱ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለዚህኛው ተማሪ ነው።

የዘርፉ ታሪክም ለጸሐፊው አይመሰክርም። እ.ኤ.አ. በ1951 ሮበርት ፋኖ በኤም.አይ.ቲ. የኢንፎርሜሽን ቲዎሪ ለሚያስተምሯቸው ተማሪዎች ምርጫ ሰጥተው ነበር፤ ወይ የማጠቃለያ ፈተና መውሰድ፣ ወይም መረጃን በተቻለ መጠን በአጭሩ የሚወክል የሁለትዮሽ ኮድ እንዴት እንደሚገኝ ጽሑፍ ማቅረብ። የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ዴቪድ ሃፍማን ጽሑፉን መረጠ፤ ለወራት ታገለ፤ ተስፋ ቆርጦ ወደ ፈተናው ጥናት ሊዞር ሲል መፍትሔው ተገለጠለት። በ1952 የታተመው ያ ሥራ ዛሬም በዚፕ ፋይልና በጄፔግ ምስል ውስጥ ያገለግላል። የሃፍማን ብልህነት የራሱ ነበር፤ ጥያቄውን ከነቅርጹ የሰጠው ግን ክፍሉ ነው።

ጥያቄ መቅረጽ ደግሞ ሊሠለጠንበት የሚችል ሙያ ነው። «ማሽን ለርኒንግን በመጠቀም አይፈለጌ መልእክትን መለየት» የሚል ርእስ (ማሽን ለርኒንግ ኮምፒውተር ከዳታ እንዲማር የማድረግ ዘዴ ነው) ይዞ የሚመጣ ተማሪ ገና ጥያቄ የለውም፤ ያለው የሥራ ዓይነት ነው። በምን ዳታ ላይ? ከምን ጋር ሲነጻጸር? ምን ዓይነት ውጤት ቢገኝ ግምትህ ስሕተት ነበር ትላለህ? እነዚህን እየመለሰ ርእሱን ሲከልስ ወደሚከተለው ዓይነት ነገር ይደርሳል፦ ላኪዎች የቃላትን ሆሄያት ሆን ብለው ሲያዛቡ፣ ተከታታይ ፊደላትን የሚመለከት መለያ ሙሉ ቃላትን ከሚመለከተው ያነሰ ይሳሳታል ወይ? ይህ በአንድ መንፈቅ ሊመለስ ይችላል፤ መልሱ «አይ» ቢሆንም ሥራው ከንቱ አይቀርም። ሠላሳ ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ርእስ በዚህ መንገድ ሲፈትሹ ማየት ከአማካሪ ጋር በሚደረግ የአሥር ደቂቃ ንግግር የሚገኝ አይደለም፤ በክፍል የሚሆን ነገር ነው።

የቀደሙ ሥራዎችን ማንበብ ፈጠራን ይገድላል ለሚለው ጸሐፊው ጠንካራ የሚመስል ምሳሌ አቅርበዋል። አንድሪው ክራፒቪን በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለ የጀመረው ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ከማርቲን ፋራክ-ኮልተንና ከዊሊያም ኩሽማውል ጋር ሆኖ ይፋ ሲያደርገው፣ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ አንድሩ ያኦ በ1985 ስለ ሃሽ ሠንጠረዥ (መረጃ በፍጥነት እንዲገኝ አድርጎ ስለሚያስቀምጥ አደረጃጀት) ያቀረቡትንና 40 ዓመት ያህል ሲታመንበት የኖረውን ግምት አፍርሷል። ሠንጠረዡ ሊሞላ ሲቃረብ አዲስ ነገር ማስገቢያ ቦታ ለማግኘት የሚያስፈልገው ፍለጋ፣ ከዚያ በፊት የማይታለፍ ነው ከተባለው ወሰን እጅግ ባነሰ ሊጠናቀቅ እንደሚችል አሳዩ። ክራፒቪን የያኦን ግምት አያውቀውም ነበር፤ ጸሐፊውም ከዚህ ተነሥተው «ስላላነበበ አገኘው» ወደሚል መደምደሚያ ይሄዳሉ።

ታሪኩ ሙሉውን ሲነገር ግን ሌላ መልክ አለው። ክራፒቪን መነሻ ያደረገው በ2021 ያገኘውን፣ ጠቋሚዎችን (መረጃ በሜሞሪ ውስጥ የት እንዳለ የሚያመለክቱ አድራሻዎችን) እጅግ አሳንሶ ስለመጠቀም የሚያትት የምርምር ጽሑፍ ነው፤ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና ተመልሶ በጥሞና አነበበው፣ ጠቋሚዎቹን ይበልጥ ሊያሳንስ ሲሞክርም አዲሱ ሠንጠረዥ ተወለደ። የማያነብ ሰው ታሪክ ይህ አይደለም። ያገኘው ነገር የቆየ ግምትን የሚያፈርስ መሆኑ የታወቀውም የቀደመውን ሥራ በሚያውቁ ሰዎች እጅ ከገባ በኋላ ነው፤ እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ ግኝቱ ትርጉሙ ሳይታወቅ ሊቀር ይችል ነበር። ደግሞም አንድ እጅግ ያልተለመደ ክስተት ይዞ የሺህ ተማሪዎችን ሥርዓተ ትምህርት መንደፍ፣ ጸሐፊው ራሳቸው በሌላ ሰው ጽሑፍ ቢያዩት የማያልፉት አመክንዮ ይመስለኛል።

እኔ በተቃራኒው የማነሣው ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2002 ማኒንድራ አግራዋል፣ ኒራጅ ካያልና ኒቲን ሳክሴና አንድ ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር በሌላ የማይካፈል፣ ማለትም ዋነኛ ቁጥር መሆኑን፣ በዕድል ላይም ባልተረጋገጠ ግምት ላይም ሳይመሠረት በፖሊኖሚያል ጊዜ (ቁጥሩ ሲረዝም የሚፈጀው ጊዜ ከመጠን በላይ ሳይንር) የሚወስን አልጎሪዝም አቀረቡ። ካያልና ሳክሴና በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በሕንድ በካንፑር የቴክኖሎጂ ተቋም ያጠናቀቁ ወጣቶች ነበሩ። ይህ ሥራ ከባዶ አልተነሣም፤ አግራዋል ቀደም ሲል ከሌላ ባልደረባ ጋር በጀመሩት ሐሳብ ላይ፣ ከዚያም በዚያው ተቋም ከእነርሱ አንድ ዓመት ቀድመው የተመረቁ ሁለት ተማሪዎች ለመመረቂያ ባቀረቡት ፕሮጀክት ላይ የተገነባ ነው። የአንዱ ዓመት ተማሪ ያቆመበትን የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ አንብቦ ቀጠለ፤ ስንቱ የመመረቂያ ሥራ በመደርደሪያ ላይ ማንም ሳይገልጠው አቧራ ለብሶ እንደሚቀር ሲታሰብ የቀደመን ሥራ ማንበብ ምን ሊያፈራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም።

ጸሐፊው ተማሪዎች የምርምር ጽሑፍ ሲሰጣቸው ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው እንደ ልብ ወለድ አንብበው ምንም ሳይገባቸው እንደሚቀሩ የተናገሩት ግን እውነት ነው። ይህ የማንበብ ዘዴን አለመማር ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ኤስ. ኬሻቭ በ2007 ያቀረቡት የሦስት ዙር ንባብ ለዚህ ይበቃል፦ መጀመሪያ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ርእሱን፣ አጠቃሎውን፣ መግቢያውን፣ ንዑስ ርእሶቹንና መደምደሚያውን ማየት፤ ቀጥሎ እስከ አንድ ሰዓት ወስዶ ሥዕሎቹንና ግራፎቹን በጥንቃቄ መመርመር፤ በመጨረሻም ሥራውን በአእምሮ እንደገና እስከ መሥራት ድረስ መዝለቅ። አብዛኛው ጽሑፍ ከመጀመሪያው ዙር አያልፍም፣ ማለፍም የለበትም።

ሙከራ ስታቲስቲክስ አያስፈልገውም በሚለው ነጥብ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ፤ ጸሐፊው ከሁሉ በላይ በእርግጠኝነት የተናገሩበትና ከሁሉ በላይ የተሳሳቱበት ቦታ ነውና። ኮምፒውተር ለአንድ ግብዓት አንድ ውጤት ስለሚሰጥ ፕሮግራሙን አንድ ጊዜ አስኬዶ ጊዜውን መመዝገብ ይበቃል ይላሉ። የሚወጣው መልስ አንድ መሆኑ እሺ፤ የሚፈጀው ጊዜ ግን በፍጹም አንድ አይደለም። ፕሮግራሙ የሚሮጠው ፕሮሰሰሩን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር እየተጋራ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሲሞቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የሚፈለገው ዳታ በካሽ (ለፕሮሰሰሩ ቅርብ በሆነው ፈጣን ማከማቻ) ውስጥ አለ ወይስ የለም የሚለውም ከአንዱ ሙከራ ወደ ሌላው ይለያያል።

አንድ የመመረቂያ ቡድን ትልቅ የጽሑፍ ፋይል አንብቦ የሚያጣራ ፕሮግራም አሻሽሎ ውጤቱን ሲያቀርብ ያየሁትን ላንሣ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ አሮጌውን፣ ቀጥሎ አዲሱን አስኬደው አዲሱ በብዙ እጥፍ እንደፈጠነ በሚያምር ግራፍ አሳዩ። ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ እዚሁ ሞክሩት ተባሉ። አዲሱን መጀመሪያ፣ አሮጌውን ቀጥለው አስኬዱ፤ አሮጌው ፈጠነ። የሆነው ነገር ቀላል ነው፦ የመጀመሪያው ፕሮግራም ፋይሉን ከዲስክ ሲያነብ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቅጂውን በሜሞሪ አቆየው፤ ሁለተኛው ማንም ይሁን ማን ከሜሞሪ አነበበ። የቡድኑ አባላት ጎበዝ ፕሮግራመሮች ነበሩ፣ ኮዳቸውም እንከን አልነበረውም። የጎደላቸው የራሳቸውን መለኪያ የመጠርጠር ልማድ ነው፤ ይህንን ደግሞ ተጨማሪ ኮድ መጻፍ አይሰጥም።

ይህ የጀማሪ ስሕተት ብቻ ነው የሚል ካለ፣ ቶድ ሚትኮቪች፣ አመር ዲዋን፣ ማቲያስ ሃውስቪርትና ፒተር ስዊኒ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙትን ያንብብ። የሲ ኮምፓይለር (በሲ ቋንቋ የተጻፈን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም) ከፍተኛው የማሻሻያ ደረጃ ከመካከለኛው ይበልጥ ፈጣን ፕሮግራም ይሰጣል ወይ የሚለውን ሲለኩ፣ መልሱ ከፕሮግራሙ ጋር ምንም ግንኙነት በሌላቸው ነገሮች ሲገለባበጥ አገኙት፤ ከእነዚህ አንዱ የዩኒክስ አካባቢ ተለዋዋጮች (እንደ ተጠቃሚ ስም ያሉ፣ ፕሮግራሙ ሲጀመር የሚተላለፉለት መረጃዎች) ጠቅላላ ርዝመት ነው። እነዚህ ተለዋዋጮች ፕሮግራሙ ሲጀመር በሜሞሪ ውስጥ ከስታኩ (ፕሮግራሙ ጊዜያዊ ዳታውን ከሚያኖርበት ክፍል) በላይ ስለሚቀመጡ፣ ርዝመታቸው ሲቀየር ስታኩ የሚጀምርበት አድራሻ ይንሸራተታል፤ አድራሻው ሲንሸራተት ዳታው በካሽ ውስጥ የሚያርፍበት ሁኔታ ይለወጣል። ሌላው ምክንያት ፋይሎቹ ለሊንከሩ (የፕሮግራሙን ክፍሎች ለሚያያይዘው መሣሪያ) የሚቀርቡበት ቅደም ተከተል ነበር። አዙረን ስናስበው፣ የተጠቃሚው ስም ረዘም ማለቱ ብቻ አንዱ ዘዴ ከሌላው የተሻለ ነው የሚለውን መደምደሚያ ሊያስቀይር ይችላል ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ በዘርፉ ከታወቁ ጉባኤዎች 133 ጽሑፎችን መርምረው፣ የሙከራ ውጤት ካቀረቡት መካከል ይህን ዓይነት አድልዎ በበቂ ሁኔታ የተቆጣጠረ አንድም አላገኙም።

በማሽን ለርኒንግም ነገሩ አይሻልም። ፒተር ሄንደርሰንና ባልደረቦቹ በ2018 ባቀረቡት ጥናት፣ አንድን የሪኢንፎርስመንት ለርኒንግ (በሙከራና በሽልማት የሚማር) አልጎሪዝም ቅንብሩን ሳይነኩ፣ የዘፈቀደ ቁጥር መነሻውን ብቻ እየቀያየሩ አሥር ጊዜ አሠለጠኑት፤ አሥሩን ውጤት በአምስት በአምስት ከፍለው አማካኛቸውን ሲያወጡ ሁለቱ አማካኞች የሁለት የተለያዩ አልጎሪዝሞች እስኪመስሉ ድረስ ተራራቁ። እንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ አሠልጥኖ «የእኔ ይበልጣል» የሚል ተማሪ ምን እንደለካ ራሱ አያውቅም። ለዚህ የሚያስፈልገው ስታቲስቲክስ የሚያስፈራ አይደለም፤ ሙከራውን መደጋገም፣ ቅደም ተከተሉን በዘፈቀደ ማድረግ፣ ከአማካኙ ጋር የውጤቱን ስርጭት ማቅረብ፣ ልዩነቱ ከዚያ ስርጭት በልጦ መገኘቱን ማረጋገጥ ነው። በሁለትና ሦስት ሳምንት የላብራቶሪ ሥራ ይለመዳል።

የሚሠራ ሶፍትዌር በቂ ማስረጃ ነው የሚለው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የሚሠራ ሶፍትዌር ያንን ነገር መሥራት እንደሚቻል ያስረዳል፤ ከሌላው የተሻለ ስለመሆኑና የተሻለ ያደረገው የትኛው ክፍሉ ስለመሆኑ ግን ምንም አይናገርም። በ2009 ቲሞቲ አርምስትሮንግና ባልደረቦቹ በሰነድ ፍለጋ ዘርፍ ለአሥር ዓመታት ያህል የታተሙ የ«መሻሻል» ውጤቶችን ሰብስበው ሲመለከቱ፣ በየጽሑፉ መሻሻል ተዘግቦ ሳለ በጠቅላላው ግን ወደ ላይ የሚሄድ ነገር አላገኙም፤ ብዙዎቹ ራሳቸውን ያወዳደሩት ከደካማ መነሻ ጋር ነበርና። ተማሪዎች ዘንድ ደግሞ ሌላ የተለመደ ችግር አለ፦ በዳታው ውስጥ የተደጋገሙ ናሙናዎች ሳይወገዱ ወደ ማሠልጠኛና ወደ መፈተኛ ይከፈላል፣ አንዱ ናሙና በሁለቱም በኩል ይገኛል፣ ሞዴሉም የሸመደደውን ተጠይቆ ከፍተኛ ውጤት ያመጣል። ሶፍትዌሩ ያለ ምንም እንከን ይሠራል፤ የቀረበው ቁጥር ግን ሐሰት ነው።

«ይሠራል» የሚለው ቃል ራሱ የማን ኮምፒውተር ላይ የሚል ጥያቄ አለበት። ክርስቲያን ኮልበርግና ቶድ ፕሮብስቲንግ በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ውጤታቸው በኮድ ላይ የተመሠረተ 402 የምርምር ጽሑፎችን ወስደው ኮዱን አግኝቶ መገንባት ይቻል እንደሆነ ብቻ ሞከሩ፤ የተዘገበው ውጤት ይደገም አይደገም እንደሆነ ለማየት እንኳ አልሄዱም። በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊገነባ የቻለው 32.3 በመቶው ነበር። እነዚህ የባለሙያዎች ሥራዎች ናቸው። ተማሪው የተጠቀመባቸውን ዝግጁ የኮድ ስብስቦች (ላይብረሪዎች) ሥሪት፣ የዳታውን ምንጭ፣ የማስኬጃ ትእዛዞቹን በሥርዓት መዝግቦ ማስረከብን በትምህርት ቤት ካልለመደው ሌላ የሚለምድበት ቦታ የለም።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ ማለት አልፈልግም። የቋንቋ ሞዴሎች የሌሉ ጽሑፎችን ከነደራሲያቸውና ከነዓመተ ምሕረታቸው ፈጥረው እንደሚጠቅሱ የታወቀ ነው፤ ይህ ጉድለት ወደፊት ቢቀንስ እንኳ፣ ጽሑፉን ሊፈትሽ የማይችል ተማሪ የተሰጠውን ማጠቃለያም ሊፈትሽ አይችልም። ለቋንቋ እርማትና የፍለጋ ቃላትን ለማስፋት ይጠቀሙበት፤ ከዚያ ያለፈው እያንዳንዱ ጥቅስ ተማሪው ራሱ ከፍቶ ያነበበው መሆን አለበት።

ጉዳት ያስከትላል ያልኩት የመጨረሻው ሐሳብ፣ ተማሪ ጽሑፍ ካላሳተመ አይመረቅ የሚለው ነው። ጸሐፊው ይህን ያቀረቡት ከውጭ በሚመጣ ገምጋሚ ዓይን ጥራት ይረጋገጣል ብለው ነው። ነገር ግን ከማሽን ለርኒንግ ዘርፍ ከፍተኛ ጉባኤዎች አንዱ የሆነው ኒውሪፕስ እ.ኤ.አ. በ2014 ራሱን ሲፈትሽ፣ 166 ጽሑፎችን ለሁለት ነጻ ኮሚቴዎች ሰጥቶ በ43ቱ ላይ ሁለቱ ተቃራኒ ውሳኔ አሳልፈዋል። ልምድ ያላቸው ተመራማሪዎች በአራት ጽሑፍ አንዱ ላይ በማይስማሙበት ሂደት የአንድን ተማሪ ዲግሪ ማንጠልጠል ፍትሐዊ አይደለም። በሌላው ጫፍ ደግሞ የሚከፈለው ክፍያ እስከተከፈለ ድረስ ያገኘውን ሁሉ የሚያትም ጆርናል ሞልቷል፤ በ2005 የኤም.አይ.ቲ. ተማሪዎች ኮምፒውተር ያለ ትርጉም የገጣጠመውን ጽሑፍ ልከው በአንድ ጉባኤ ተቀባይነት ማግኘታቸው የሚረሳ አይደለም። ግዴታው ሲጣል ጊዜ ያጠረው ተማሪ የሚያመራው ወደ የትኛው በር እንደሆነ መገመት አያዳግትም፤ ሊማረው የሚገባውን ሳይማር፣ ምርምር ማለት የማሳተሚያ ክፍያ ነው ብሎ ይወጣል።

በዚህ ፈንታ የማቀርበው ሐሳብ ኮርሱ በሙሉ በአንድ የድግግሞሽ ሥራ ዙሪያ እንዲዋቀር ነው። ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች ኮዱና ዳታው ይፋ የሆነ አንድ ጽሑፍ ይመርጣሉ፤ ጽሑፉ የሚሟገትለትን ነጥብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ ያንን ነጥብ የሚደግፈውን አንድ ሠንጠረዥ ወይም ግራፍ ነጥለው በራሳቸው ማሽን ለመድገም ይሞክራሉ፤ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይረው፣ ዳታውን ወይም መነሻ ንጽጽሩን ወይም የዘፈቀደ ቁጥሩን፣ ውጤቱ ይጸና እንደሆነ ያያሉ። ትርጓሜዎቹና መላምቱ፣ ንባቡና ስታቲስቲክሱ፣ የጥቅስ ሥርዓቱም ሥራው ሲጠይቅ በየተራ ይማሩታል። ማርኩ የሚሰጠው ቁጥሩ ስለተገጣጠመ መሆን የለበትም፤ ውጤቱ አልደገም ብሎት ምክንያቱን እስከ አንድ የኮምፓይለር ሥሪት ወይም እስከ አንድ ያልተገለጸ ቅንብር ድረስ ተከታትሎ በማስረጃ ያሳየ ቡድን፣ ኮዱን እንዳለ አስኬዶ ተመሳሳይ ቁጥር ካገኘው ቡድን የበለጠ ማርክ ሊሰጠው ይገባል።